የማግነም ርግጫና የወረኢሉ ሳንቲም

ትናንት ማታ ከወረኢሉ ደሴ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ቡናዬን ይዤ የተኩስ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኛል። የማግነም ሽጉጥ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ርግጫ እንዴት እንደለመድኩ በየጊዜው የምትጠይቁኝ ልጆች አላችሁ። የደረስኩበትን ሳይበርድ ልጻፍላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ደሴ ነው። አሁን የምኖረው አሪዞና ነው። እዚያ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ እተኩሳለሁ። መሣሪያዬ 44 ማግነም ሪቮልቨር ነው። ስድስት ጥይት ይጎርሳል፤ አንዱ በተተኮሰ ቁጥር ሲሊንደሩ ዞሮ ቀጣዩን ያቀርባል። ባዶውን 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

አጀማመሬ ትክክል አልነበረም። ሌላ ሽጉጥ በወጉ ሳልለምድ በቀጥታ ማግነም ያዝኩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፓኮ ሙሉ፣ 50 ጥይት ተኮስኩ። ርቀቱ 15 ሜትር ነበር። ወረቀቱን ያገኙት 19 ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ታች በስተግራ ነበሩ። መዳፌ አበጠ። ማታ እንጀራ ለመቁረስ አውራ ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። ችግሩ የክንዴ አቅም መስሎኝ ለሁለት ወር ክብደት አነሳሁ። ክንዴ ጠነከረ። ጥይቱ ግን እዚያው ታች በስተግራ መውደቁን ቀጠለ።

አንድ ቅዳሜ የሜዳው አዛውንት አሠልጣኝ ሲያየኝ ቆየና ሽጉጤን ተቀበለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሦስት ጥይትና ሦስት ባዶ ቀለህ፣ ማለትም የተተኮሰ ጥይት ቅርፊት፣ ቀላቅሎ አጎረሰው። ሲሊንደሩን አሽከርክሮ ዘጋና መለሰልኝ። የትኛው ቀዳዳ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። የመጀመሪያው ተኮሰ። ሁለተኛውን ስስብ ቀጭ ብቻ አለ። ባዶ ቀለህ ነበር። አፈሙዙ ግን አራት ጣት ያህል ወደ መሬት ደፋ አለ። ምንም ሳይፈነዳ! የደፋሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። አፈሙዙ ብድግ ሲል የምናየው አረሩ ከወጣ በኋላ ነው። ኢላማዬን ሲያበላሽ የከረመው ርግጫው አይደለም። ርግጫውን ፈርቶ ቀድሞ የሚደነግጠው እጄ ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ሲደነግጥ ጥይቱ ብዙ ጊዜ ታች በስተግራ የሚወድቀውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማግነም ጥይቱን አስቀምጬ 44 ስፔሻል ወደሚባለው ቀለል ያለ ጥይት ወረድኩ። ስፔሻል በዕድሜ የማግነሙ ታላቅ ነው። ስፋታቸው አንድ ነው፤ የስፔሻሉ ቀለህ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ስለዚህ የማግነም ሽጉጥ ሁለቱንም ይተኩሳል። የስፔሻል ሽጉጥ ግን ማግነም አያስገባም፤ የማግነሙ ቀለህ የረዘመውም ሆን ተብሎ ነው። ኤልመር ኪዝ የሚባል የአይዳሆ ከብት አርቢ ለዓመታት ስፔሻሉን ከተለመደው በላይ ባሩድ እየሞላ ሲሞክር ኖረ። የእሱ ውትወታ ነው በመጨረሻ ማግነሙን ያስወለደው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያውን ሽጉጥ የሠራው በ1955 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። እናንተም ማግነም ካላችሁ በስፔሻል ጀምሩ። እጃችሁ ሳይፈራ የሚማርበት ጥይት እሱ ነው።

አያያዜንም ቀየርኩ። በርሜሉ ከእጅ በላይ ስለሆነ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ብቻ አይመጣም፤ አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሳዋል። እጅ እጀታው ላይ ከፍ ባለ መጠን ያ መነሳት ይቀንሳል። ስለዚህ እስከሚሄድልኝ ድረስ ከፍ አድርጌ እይዛለሁ። ግራ እጄ ቀኙን አጥብቆ ያቅፋል። አንጓዬ ይጸናል፤ ክርኔ ግን ትንሽ ለመጥ ይላል። አንድ ነገር አደራ፣ በሪቮልቨር አውራ ጣታችሁን ወደ ፊት አታስረዝሙ። በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ባለችው ክፍተት የጋለ ጋዝ ይተፋል። ትልልቆቹ ማግነሞች ላይ ጣት ክፉኛ ይጎዳል። ጆሮአችሁንም በአንድ መከላከያ አትመኑ። እኔ ከውስጥ ጎማ፣ ከላይ ደግሞ ማፈኛ አደርጋለሁ። ድምፁ ሲቀንስ ድንጋጤውም አብሮ ቀነሰልኝ።

በስድስተኛው ወር በስፔሻል ከ30 ጥይት 26ቱን መሃል ክቡ ውስጥ አገባ ነበር። ማግነም ስመልስ ግን ወደ 14 እወርዳለሁ። እዚያው ላይ ቆምኩ።

አምና በዚህ ወቅት አገር ቤት መጣሁና ወረኢሉ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ከአያት የወረደ፣ በስማቸው የተመዘገበ ውጅግራ አላቸው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት ግራ የሚባለው ጠመንጃ ነው። እነሱ “ፉዚ ግራ” ሲሉ እኛ ውጅግራ አልነው። ብዙ የዓድዋ ዘማቾች እሱን ይዘው ነበር። ክተት ሲታወጅ የሸዋ ጦር እንዲሰበሰብ የተጠራው ደግሞ እዚሁ ወረኢሉ ነው። እዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ውጅግራ ተሰቅሎ ባይ አልገረመኝም። ጥይቱ ግን ከጠፋ ዘመን አልፎታል።

“ያንተ ሽጉጥ ከዚህ ይብሳል ነው የምትለኝ?” አሉኝ።

እርሳስ አውጥቼ አሰላሁላቸው። ሁለቱም አረሮች ስፋታቸው 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የውጅግራው አረር 25 ግራም ነው፤ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የኔው 15.5 ግራም ሆኖ 400 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ውጅግራው የሚወረውረው ይከብዳል። ግን ራሱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው፤ ሰደፉም ትከሻ ላይ ያርፋል። የአረሩን ክብደትና ፍጥነት አባዝተን ለመሣሪያው ክብደት ስናካፍለው ውጅግራው በሴኮንድ 2.7 ሜትር ያህል ፍጥነት ወደ ኋላ ይመጣል። ሽጉጤ ወደ 4.8 ይደርሳል። የባሩዱ ጋዝ የሚጨምረውን ሳንቆጥር ነው ይሄ። ያውም በሁለት መዳፍ ብቻ ተይዞ።

ጋሼ ስሌቱን በደንብ አዩት። ከዚያ “ይሁን፣ ይርገጥ። ሳይተኮስ ግን ይረግጣል?” አሉ።

“አይረግጥም።”

“ታዲያ ሳይተኮስ ለምን ትፈራዋለህ?”

እሳቸው ልጅ ሆነው ጥይት በቁጥር ነበር የሚገኘው። አባታቸው አንድ ጥይት ከመስጠታቸው በፊት በባዶው ነው ያስተማሯቸው። ያንኑ አደረጉልኝ። ልጆቹን ወደ ጓሮ ላኩ። ጠመንጃውን ከፍተው ጣታቸውን አስገቡና ባዶነቱን አረጋገጡ። እኔም ጣቴን እንዳስገባ አደረጉ። መርፌው በባዶ እንዳይመታ አሮጌ ቀለህ አጎረሱት። አፈሙዙን ወደ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ አዞሩት። ከዚያ የአንድ ብር ሳንቲም ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከጎን ቆመው፣ በርሜሉ ላይ አስተኟት። ክብ ብረት ላይ ሳንቲም ማስቆም ራሱ ትንፋሽ ያስይዛል።

“ሳብ። ብሯ ከወደቀች አልተማርክም” አሉ።

ወደቀች። ደግመው አስቀመጧት፤ ወደቀች።

“አብሽር። ላም ሲያልቡ አይተሃል አይደል? ጡቷን የሚመነትፋትን ትረግጠዋለች። ቀስ አድርጎ የሚያልባትን ትቆምለታለች። ምላጩንም እንደዚያው ጭመቀው። መቼ እንደሚለቅ አትጠብቀው።”

ሦስት ቀን ሙሉ ይሄንኑ ሠራን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ብሯ አሥር ጊዜ በተከታታይ ሳትወድቅ ቀረች። አንድም ጥይት አልተተኮሰም። መሣሪያን የሚቆጣጠር ሕግ አለ፣ አዋጅ 1177/2012። ከሕጉም በላይ ግን ወሎ ብዙ አይቷል። ለጎረቤት ጆሮ የተኩስ ድምፅ ምን እንደሚያስታውስ ሁላችንም እናውቃለን። ለመዝናኛዬ ብዬ እዚህ አንዲት ጥይት ማጮህ አልፈልግም።

አሪዞና ስመለስ የጋሼን ሳንቲም ይዤ ገባሁ። ማታ ማታ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ በባዶ ሽጉጥ፣ ሳንቲሟን በርሜሉ ላይ አድርጌ ሃያ ጊዜ እስባለሁ። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ደግሞ ጓደኛዬ ጥይትና ባዶ ቀለህ ቀላቅሎ ያጎርስልኛል። ማግነም በአንድ ቀን ከ36 አላሳልፍም። እጅ ሲደክም ፍርሃት ይመለሳል፤ የተማርኩትንም ያጠፋብኛል። ከተመለስኩ በሁለተኛው ወር በማግነም ከ30 ጥይት 20 አገባሁ። በስድስተኛው 25።

በመሃል አንድ ሰው 500 ማግነሙን አስሞከረኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልቁ ሽጉጥ ነው። የሱ ረጅም በርሜል ያለው ስለነበር 2 ኪሎ ይመዝናል። አደራ የምላችሁ፣ እንዲህ ያለውን ስትሞክሩ አንድ ጥይት ብቻ አጉርሱ። ርግጫው እጅን ሲያንሸራትት ጣት ሳያስበው ምላጩን ደግሞ ሊስብ ይችላል። ያን ጊዜ አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ አይታወቅም። አንድ አንድ እያጎረስኩ ሦስት ተኮስኩ። ሦስተኛው ላይ እጄ እንደቀደመ ተሰማኝና አመስግኜ መለስኩለት።

ትናንት የመጨረሻውን ወረቀቴን ጋሼ ፊት ዘረጋሁት። ማግነም፣ 15 ሜትር፣ 30 ጥይት። መነጽራቸውን አደረጉ። ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። 28ቱ ክቡ ውስጥ ናቸው። አንዷ ጠርዙን ታክካ ወጥታለች። ጣታቸው ግን ታች በስተግራ፣ ብቻዋን ያለችው ላይ ቆመ።

“ይቺስ?”

“ሃያ ሰባተኛዋ ናት። ቀደምኳት።”

“ያኔውኑ አውቀሃል?”

“አዎ ጋሼ፣ ወረቀቱን ሳላይ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጥፈው ከውጅግራው ጀርባ ሸጎጡት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ሳንቲሟን እንድሰጣቸው ነው። ልጆቹን ወደ ጓሮ ልከው በሩን ዘጉ።