ነፋስ ስንጠብቅ ገመድ ያዘን

ጋሼ፣ የታላቅ እህቴ ባል፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ገዙ። ጀልባው ያለው ሰሜን ፖርቱጋል፣ እሳቸው ሊያቆሙት የፈለጉት ደግሞ ደቡብ ጫፍ፣ አልጋርቭ ነው። «በሐምሌ ነፋሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው። ሸራውን ዘርግተን ቁጭ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብን» አሉኝ። እህቴ ስልኩን ተቀብላ «አብረህ ሂድና ጠብቅልኝ» አለች። ከምን እንደምጠብቃቸው ግን አልነገረችኝም።

ስለ ነፋሱ አልዋሹም። በፈረንጆቹ በጋ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት አዞረስ ደሴቶች አካባቢ ከፍተኛ የአየር ግፊት ይተኛል፤ የስፔን መሬት ደግሞ በፀሐይ ሲግል ግፊቱ ይወርዳል። በሁለቱ መሃል የተዘረጋው የፖርቱጋል ዳርቻ ታዲያ የሰሜን ነፋስ አያጣም። አገሬው ኖርታዳ ይለዋል። ክፋቱ፣ ኖርታዳ እንደ ሹም የፈለገው ሰዓት ነው የሚገባው። ጠዋት ድምፁ አይሰማም፤ ከሰዓት በኋላ ብድግ ሲል 25 እና 30 ኖት ይደርሳል። በመኪና ቋንቋ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ምንም አይደለም፤ ጀልባ ላይ ግን ኮፍያህ ሲሄድ ቆመህ ትሸኘዋለህ።

ፊጌራ ዳ ፎዝ የምትባል የወንዝ አፍ ወደብ ስንደርስ ተያዝን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋ የምታስቅ፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ የለም፤ ወደቡ ግን ተዘግቷል። «ማን ምን አደረጋችሁ?» ማለት አማረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከአትላንቲክ መሃል፣ እኛ ዓይናችን ከማያየው ቦታ የተነሳ ወጀብ ሞገዱን ይልካል። ሞገዱ ወንዙ ባሕር የሚገባበት፣ አሸዋ የተከመረበት ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይነሳና ይሰበራል። እዚያ መሃል የተገኘ ጀልባ ይገለበጣል። ስለዚህ የወደቡ ኃላፊዎች ይዘጋሉ፤ እኛም ቁጭ ብለን ፀሐይ እንሞቃለን።

ጋሼ ግን ቁጭ ማለት አይሆንላቸውም። ስልካቸው ላይ አራት የአየር ትንበያ መተግበሪያዎች አሉ፤ አራቱም በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም። አንዱ 8 ኖት ሲል ሌላው 22 ይላል። ጋሼ መሐንዲስ ስለነበሩ መፍትሔ አላቸው፦ «አማካዩን እንወስዳለን።» ከጀልባው ጋር የመጣች፣ የአየር ግፊት የምትለካ የነሐስ ባሮሜትርም አለቻቸው። ጠዋት ተነስተው እኔን «እንዴት አደርክ» ከማለታቸው በፊት እሷን በአመልካች ጣታቸው ጥፍር ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጓታል። መርፌዋ ፈንጠር ብላ 1018 ላይ ትቆማለች። አልጥም ሲላቸው እንደገና ጠቅ። ግፊቱን ከአዞረስ በጥፍራቸው የሚጎትቱት ይመስላል።

ወደቡ ተከፈተ በተባለበት ምሽት አራቱንም ተራ በተራ አዩ። ቢጫ ጃንጥላ አርማ ያለው መተግበሪያ «ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ 28 ኖት» ብሎ ጠበቃቸው። ሦስቱ ቀለል ያለ ነፋስ ነው የሚሉት።

«ይሄ ሟርተኛ ነው» አሉና አጠፉት።

«ጋሼ፣ ምናልባት እውነቱን ቢሆንስ?»

«ሦስት ለአንድ ነው። ተኛ።»

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀሰቀሱኝ። ወንዙን ለቀን ብዙም ሳንርቅ ጉሙ መጣ። ያ የሰሜን ነፋስ የላይኛውን ውሃ ወደ ውቅያኖስ እየገፋ ቀዝቃዛውን ከሥር ያወጣዋል፤ ሞቅ ያለ እርጥብ አየር እዚያ ብርድ ላይ ሲያርፍ ጉም ይሆናል። ይህን ያስረዱኝ ጋሼ ራሳቸው ናቸው፣ ድምፃቸው ይሰማኛል እንጂ አይታዩኝም። ነፋስ ስለሌለ በሞተር ነው የምንሄደው።

ደግሞ የኦርካ፣ የዚያ ጥቁርና ነጭ ግዙፍ የባሕር እንስሳ ነገር አለ። ከ2020 ጀምሮ በዚህ ዳርቻ ኦርካዎች ባለሸራ ጀልባዎችን እየተጠጉ ከሥር ያለውን የጀልባውን ማዞሪያ መሪ መግፋትና መስበር ለምደዋል። ጨዋታ ነው የሚሉም አሉ፤ ሳቁ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ምክሩ ዳርቻውን ተጠግቶ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር በማይበልጥ ውሃ መሄድ ነው። ተጠጋን። ኦርካ የሚሸሸው ሁሉ የሚጠጋበት ቦታ ግን አሣ አጥማጆችም ወጥመዳቸውን የሚጥሉበት ነው፤ በየወጥመዱ ገመድ፣ በየገመዱ ጫፍ ትንሽ ተንሳፋፊ። በጉም ውስጥ ፈልጋት እስቲ!

ድንገት ከሥራችን ግው አለ። ጀልባው ተንቀጠቀጠ፣ ሞተሩ ጠፋ።

«መጣ!» አሉ ጋሼ።

እኔ የሕይወት አድን ጃኬቴ ላይ ሌላ የሕይወት አድን ጃኬት ደረብኩ። ጋሼ የመጥበሻ ክዳን ይዘው በስተኋላ ቆሙ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም። ቆየን። ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ አረንጓዴ ገመድ ከሞተሩ ተሽከርካሪ ምላጭ ላይ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ፣ ተንሳፋፊዋ ጎኑ ላይ ትንጠለጠላለች። ሞገዱ በበኩሉ ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ይገፋናል። መልሕቅ ጣልን፤ ደግነቱ ያዘ።

«አንተ ዋና ትችላለህ አይደል?» አሉኝ ጋሼ፣ ቢላ እያቀበሉኝ።

«ገንዳ ውስጥ ነው ጋሼ። ገንዳ ውስጥ ኦርካ የለም።»

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። እህቴ ናት። «ደረሳችሁ?» ጋሼ ሳል አሉና «አረፍ ብለን ነው» አሏት። «የት?» «ወደ ናዛሬ ልንገባ ነው።» መንገር አልነበረባቸውም። በ2020 አንድ ጀርመናዊ ሰርፈር በናዛሬ 26 ሜትር የሚያልፍ ማዕበል ላይ ሲንሸራተት የሚያሳየውን ቪዲዮ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እህቴ ደግሞ ደጋግማ አይታዋለች። ያን ግዙፍ ማዕበል የሚፈጥረው ከባሕሩ ሥር ያለው ሸለቆ የወደቡን በር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደሚያረጋጋው ለማስረዳት ሞከሩ። ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው ይዘውት ስለነበር እኔም እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

ያዳነን የገመዱ ባለቤት ነው። ከጉሙ ውስጥ በትንሽ ጀልባ ብቅ አለና፣ እኛን ሳይሆን ተንሳፋፊውን አይቶ አዘነ። ረጅም ዘንግ ላይ ማጭድ የመሰለ ስለት አስሮ፣ እየተነጫነጨ ቆርጦ አላቀቀን። ሊሄድ ሲል ቀና ብሎ ወደ ላይ ተመለከተ፤ እኔ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር አላገኘሁም። ከዚያ በእጁ ከሰሜን ወደ ደቡብ እያሳየ ጉንጩን ነፍቶ «ፉፉፉ!» አለና ጣቶቹን እያነሳ ሰዓቱን ቆጠረልን።

ጋሼ እጅ ነሱት። «አየህ? ባሕር ያሳደገው ሰው እንዲህ ነው፣ በአፍንጫው ነው የሚያነበው!»

ባለው ሰዓት፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ፣ ኖርታዳ ከጀርባችን መጣ። ሸራውን ቀንሰን፣ ደግመን ቀንሰን፣ ናዛሬ የገባነው እየተወረወርን ነው። ጋሼ በየማዕበሉ አናት ላይ ሲስቁ እኔ ባልዲ ታቅፌ ነበር።

በማግስቱ አጥማጁን ወደቡ ላይ አገኘነው። ጋሼ የገመዱን ካሣ ከፍለው ሲያበቁ፣ ምስጢሩን እንዲነግራቸው ባላቸው ፖርቱጋልኛና በሁለት እጃቸው ለመኑት። ሰውየው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፣ እሳቸውን አያቸው፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ። ቢጫው ጃንጥላ።

ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ስክሪኑን አፍጥጠው አዩት።

«የሱ ስልክ አዲስ ስለሆነ ነው» አሉኝ።