የአማርኛ መጽሐፍ አማዞን ላይ ከመጫናችሁ በፊት

ኬዲፒ የሚባለው የአማዞን የራስ አሳታሚነት አገልግሎት አጠቃቀሙ ከባድ አይደለም። አካውንት መክፈቱም ቅጹን መሙላቱም በአንድ ምሽት ያልቃል። መጽሐፉ የሚታተመው ገዢ ሲያዝ ብቻ፣ አንድ አንድ ቅጂ እየሆነ ስለሆነ ሺህ ቅጂ አሳትሞ ቤት ውስጥ መቆለል የለም። አማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚቸገረው ፋይሉ ላይ ነው። መመሪያዎቹ የተዘጋጁት በላቲን ፊደል ለሚተይቡ ሰዎች ነውና የኛን ፊደል የሚገጥመውን ችግር አይነግሯችሁም። መጽሐፉ ታትሞ እጃችሁ ሲገባ ነው የሚታየው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበሏቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር የእርዳታ ገጻቸው ላይ አንብቡ። ለኪንድል ዲጂታል መጽሐፍ ያለው ዝርዝርና ለወረቀት መጽሐፍ ያለው አንድ አይደለም። እዚህ የምጽፈው ስለ ወረቀቱ ነው። ቅጹ ላይ የምትመርጡት ቋንቋ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አይቀየርም። ርዕሱ፣ የደራሲው ስምና የገጹ መጠንም እንደዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ ርዕሱን በየትኛው ፊደል እንደምትጽፉት ቀድማችሁ ወስኑ፤ ሽፋኑ ላይ ካለው ጋርም ይመሳሰል።

አሁን ወደ ፊደሉ። ብዙ የአማርኛ ረቂቆች ከዓመታት በፊት በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ ናቸው። እነዚህ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ አይደሉም፤ ከስር ያለው የላቲን ፊደል ሲሆን ፎንቱ ነው የአማርኛ መልክ የሚሰጠው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ረቂቃችሁ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ አንቀጽ ቅዱና ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ውስጥ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ መቀየሪያ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ሙሉ እርማት የግድ ነው፤ ሥርዓተ ነጥብ፣ ቁጥርና እንደ ቧ፣ ሟ ያሉ ዲቃላ ፊደላት በመቀየር ላይ እንዳሉ ይበላሻሉ።

ፎንትን በተመለከተ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ለንግድ መጽሐፍ ብትጠቀሙባቸው የሚጠይቃችሁ የለም። አቢሲኒካ ለረጅም ንባብ ያምራል፤ ነገር ግን ደማቅ (ቦልድ) የለውም። ወርድ ላይ ደማቅ ስታደርጉት ፕሮግራሙ ራሱ መስመሩን ያወፍረዋል፤ የሐ፣ የጨ እና የጠ ቀዳዳዎች በቀለም ይሞላሉ፤ ወረቀት ላይ የቆሸሸ ይመስላል። ለምዕራፍ ርዕስ እውነተኛ ደማቅ ያለውን ኖቶን ተጠቀሙ። ፊደላችንን ማጋደል ደግሞ ጭራሽ ተዉት። የሚጎላ ቃል ካለ ትምህርተ ጥቅስ ይበቃዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንባቢን የሚያደናቅፈው አራት ነጥብ ነው። በብዙ ረቂቆች ውስጥ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል፤ ትክክለኛው ። አለ፣ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ፡፡ አለ፣ ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ የመጣ :: አለ። ስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሲታተሙ ግን ክፍተታቸውም ቁመታቸውም ይለያያል። ወርድ ላይ በፈልግና ተካ ሁለቱን ወደ ። ቀይሯቸው። ቀጥሎ ደግሞ ከ። በፊት ያለውን ባዶ ቦታ አጥፉ። «ሄደ ።» ብሎ የተተየበ ዓረፍተ ነገር መስመሩ መጨረሻ ላይ ከደረሰ ሄደ እላይ ይቀርና አራት ነጥቡ ብቻውን የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። 240 ገጽ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ይህ በየጥቂት ገጹ ቢደጋገም አንባቢው መጽሐፉን ሰው ያየው አይመስለውም። ለ፣ እና ለ፤ም ይህንኑ አድርጉ። ሦስቱን ፈልጎ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ለገጹ መጠን 5.5 በ8.5 ኢንች እመርጣለሁ፤ አዲስ አበባ ከሚታተመው ኤ5 መጽሐፍ ጋር በጣም ይቀራረባል። ከዚያ ያነሰ፣ ለምሳሌ 5 በ8፣ ለአማርኛ ይጠብባል። ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፤ ወርድም የአማርኛን ቃል መስመር መጨረሻ ላይ ከፍሎ አያወርድም። ሁለቱንም ጠርዝ እኩል ስታደርጉት «ስለማያስፈልጋቸውም» የመሰለ ቃል ወደ ታች ይወርድና ከላይ የቀሩት አራት ቃላት ተራርቀው ይቆማሉ። ፊደሉን 11 ነጥብ፣ የመስመር ርቀቱን ከ16 እስከ 17 ነጥብ አድርጉት፤ ርቀቱንም በቁርጥ ቁጥር ስጡት፤ አለበለዚያ እንግሊዝኛ ቃል ያለበት መስመር ከሌላው ሊለይ ይችላል።

የውስጥ ኅዳጉ በገጽ ብዛት ይወሰናል። ከ24 እስከ 150 ገጽ 0.375 ኢንች፣ ከ151 እስከ 300 ገጽ 0.5፣ ከ301 እስከ 500 ገጽ 0.625 ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ መጽሐፉ በሙጫ ስለሚጠረዝ መሃሉ እንደ ልብ አይከፈትም፤ ሩብ ኢንች ጨምሩበት። ወርድ ላይ ግራና ቀኝ ገጾች ተቃራኒ ኅዳግ እንዲይዙ ማድረግም አይረሳ። ፒዲኤፉን በፕሪንት ሳይሆን በሴቭ አዝ አውጡ፤ ከዚያ አክሮባት ሪደር ውስጥ የፋይሉን ባሕርይ ከፍታችሁ የፎንቶቹን ዝርዝር ተመልከቱ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ፋይሉ ውስጥ መካተቱ መጻፍ አለበት። ያልተካተተ ፎንት ካለ ፊደላቱ ባዶ ሳጥን ሆነው ሊታተሙ ይችላሉ።

ሽፋን የምታሠሩት በባለሙያ ከሆነ የሚጠይቃችሁ የገጽ ብዛቱንና የወረቀቱን ዓይነት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ሲቆም የሚታየው ቀጭኑ ጎን ስፋት የሚሰላው በእነዚህ ነው። ክሬም ወረቀት በገጽ 0.0025 ኢንች፣ ነጭ 0.002252 ኢንች ነው። 240 ገጽ በክሬም ወረቀት 0.6 ኢንች ይሆናል። ስለዚህ የሽፋኑ ፋይል ጠቅላላ ስፋት 5.5 ሲደመር 0.6 ሲደመር 5.5፣ በየጠርዙ የሚቆረጠው 0.125 ተጨምሮ 11.85 ኢንች ነው፤ ቁመቱ 8.75። ሽፋኑ ካለቀ በኋላ ወረቀቱን ወደ ነጭ ብትቀይሩ ወይም እርማት ላይ ገጽ ብትጨምሩ ርዕሱ ከመሃል ይሸሻል። ስለዚህ የገጽ ብዛቱ ሳይወሰን ሽፋን አታሠሩ። የጀርባ ሽፋኑ ቀኝ ግርጌ ላይ ለባርኮድ 2 በ1.2 ኢንች ባዶ ተዉ።

አይኤስቢኤን የሚባለውን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር በነፃ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ያ ቁጥር ከኬዲፒ ውጭ አያገለግልም። አዲስ አበባ ያለ ማተሚያ ቤት ላይም የምታሳትሙ ከሆነ ለዚያኛው እትም ለብቻው ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) አውጡ።

ዋጋ ላይ ብዙ ሰው ሳያስበው ገንዘብ ያጣል። አሜሪካ ውስጥ የጥቁር ቀለም ኅትመት ዋጋ ከ110 ገጽ በላይ ላለው መጽሐፍ በዚህ መጠን 1 ዶላር ሲደመር በገጽ 0.012 ዶላር ነው፤ ለ240 ገጽ 3.88 ዶላር ይመጣል። ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋጋው ከ9.99 ዶላር በታች የሆነ መጽሐፍ ሮያሊቲው፣ ማለትም የደራሲው ድርሻ፣ 50 በመቶ ነው፤ ከ9.99 ጀምሮ 60 በመቶ። የኅትመቱ ዋጋ የሚቀነሰው ከዚህ ድርሻ ነው። ስለዚህ በ9.98 ብትሸጡ 1.11 ዶላር፣ በ9.99 ብትሸጡ 2.11 ዶላር ታገኛላችሁ። አንድ ሳንቲም ጨምራችሁ ገቢያችሁን ወደ እጥፍ ታስጠጋላችሁ። በ12.99 ደግሞ 3.91 ዶላር ይደርሳችኋል። ክፍያው የሚገባው የሽያጩ ወር ካለቀ 60 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ነዋሪ የሆነ ደራሲ ከአሜሪካ ሽያጭ ሮያሊቲው ላይ 30 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ስምምነት የለም። ይህን ከመጀመሪያው ስሌታችሁ ውስጥ አስገቡት፤ ኬዲፒ እናንተ ባላችሁበት አገር ባለ ባንክ እንደሚከፍልም አካውንቱን ስትከፍቱ አረጋግጡ።

የናሙና ቅጂ ሳታዩ መጽሐፉን አታውጡ። በኅትመት ዋጋና በመላኪያ ብቻ እስከ አምስት ቅጂ ማዘዝ ይቻላል፤ ሽፋኑ ላይ ለሽያጭ አለመሆኑን የሚገልጽ ጥብጣብ ይታተምበታል። ማዘዣው ሊንክ በኢሜይል ሲመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት እንደገና መጠየቅ ይኖርባችኋል። ቅጂው ሲደርስ አንዱን ረቂቁን ላላነበበ ሰው ስጡት፤ ደራሲ የራሱን ግድፈት አያይም። እናንተ ደግሞ መሃሉን፣ ገጽ 120 አካባቢ፣ በአንድ እጅ ከፍታችሁ ያዙ። የመስመሮቹ የመጀመሪያ ፊደላት ጥረዛው ውስጥ ከተደበቁ የውስጥ ኅዳጉን ጨምሩ፤ ያኔ የገጽ ብዛቱ ስለሚያድግ ሽፋኑም እንደገና ይለካል።