ዳገት ያቃተው ዲኤክስ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ የሚያቃስት ዲኤክስ (አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ) ሁሉ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ አንድ አምስተኛው ድሮም እዚህ የለም። የሚያሳስበው ትናንት የወጣውን ዳገት ዛሬ ሲያቅተው፣ በዚያ ላይ አዲስ ድምፅ ሲያመጣ ነው።

መጀመሪያ ፍሪሲዮን ይታይ። በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ፣ ሞተሩ ምን አደረገ? ይህን ሳያዩ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) የሚያወርዱ ሰዎች ነገር አይገባኝም።

ከዚያ ጆሮ። ከላይ የሚሰማ ቀጭን ቲክ ቲክ ብዙ ጊዜ የባልቦላ (አየር የሚያስገባና ጭስ የሚያስወጣ በር) ክፍተት ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጎልቶ ሲሞቅ ከጠፋ ግን የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያስተነፍሳል። ዳገት ላይ ብቻ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር የሚንኳኳው፣ ካንዴላው (ነዳጁን በእሳት የሚለኩሰው) ቀድሞ እየተኮሰ ወይም ቤንዚኑ መጥፎ ሆኖ ነው። ከታች የሚመጣ ወፍራም ጓ ጓ ከሆነና የዘይት መብራት ከበራ ብሮንዚና (የዘንጉ መሸከሚያ) ነው፤ ወዲያው ይጥፋ፣ ቤት ድረስ አይነዳ።

የትኛው ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል) እንደታመመ ለማወቅ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እያለ የካንዴላ ገመዶችን በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ሲነቀል ሞተሩ ምንም ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር አይሠራም፤ ጓጓታው ከቀነሰ የዚያው ሲሊንደር ብሮንዚና ነው። የተነቀለው ካንዴላ ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፦ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል፣ ወይም ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ለቆላ እንደተስተካከለ ቀርቷል። ዘይት የነካው ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የባልቦላ ጎማ ይጠረጠራል።

ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት ግፊት) ሲለካ ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለል ተረግጦ አምስት ስድስት ዙር ይመታ። እዚህ ላይ ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል፤ ባሕር ዳርቻ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ጎንደር ላይ ከ9 ብዙም አያልፍም። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ከበለጠ ችግር አለ። ባነሰው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካላለ ባልቦላ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቷል። ያኔ ቴስታታው ይውረድ፤ ግን ቀጥ ባለ ብረትና በስፔሶሜትር (ስስ ክፍተት መለኪያ) ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን አይግባ፣ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጭ።