ያወፈርኩት ክዳን

አረፋውን መጀመሪያ ያየሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የአሉሚኒየም ፋብሪካ በሞልድ፣ ማለትም ቀላጭ ብረት ገብቶ መልክ በሚይዝበት የብረት ቅርጽ፣ ዲዛይነርነት ከተቀጠርኩ ገና ስምንት ወሬ ነበር። «የእኔ» ብዬ የምኮራበት የመጀመሪያ ሞልድ የውሃ ፓምፕ ክዳን የሚያወጣ ነው። ክዳኑ መዳፍ ያክላል። ጥጋ ጥጉ ላይ አራት የቡሎን ማሰሪያ ጉብታዎች አሉት። ደንበኛችን ወስዶ ጉብታዎቹን በትራፓኖ ይበሳል፣ ጥርስ ያወጣል፣ ፓምፑ ላይ ይገጥማል።

ያን ዕለት ሰውዬው አንዱን ክዳን ይዞ መጣ። ሰላም ብሎን ሌላ ምንም አልተናገረም። ባልዲ ውሃ አስመጣ። ክዳኑን በጎማና በላሜራ አፍኖ አጥብቆ አሰረው፤ የኮምፕረሰር ቱቦ ሰካበትና ውሃው ውስጥ ነከረው። ሁላችንም ባልዲው ላይ አጎነበስን። ከአንዱ ቡሎን ሥር አንዲት አረፋ ብቅ አለች። ቀጥላ ሌላ። ከዚያማ ሊገነፍል የደረሰ ጀበና መሰለ።

«ከሃምሳው አሥራ ዘጠኙ እንደዚህ ነው» አለ።

አለቃችን ዘወር ብሎ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ማሽኑን ማን ነው የያዘው?»

ማሽኑን የያዘው አንድ ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው፤ ሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም። እስከ ሐሙስ ድረስ መከራውን አየ። ግፊቱን ጨምር ተባለ፣ ጨመረ። ፍጥነቱን ቀንስ ተባለ፣ ቀነሰ። ሙቀቱን ሞክር፣ ሞከረ። እኔም ከጎኑ ቆሜ «እስቲ ትንሽ ከፍ አድርገው» እያልኩ አዝዘው ነበር። ይሄን ሳስታውስ አሁንም ያሳፍረኛል።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከ650 ዲግሪ በላይ የጋለ ቀላጭ አሉሚኒየም በጭልፋ ተቀድቶ ማሽኑ ሲሊንደር ውስጥ ይፈሳል። ፒስተኑ ሲገፋው ሞልዱ ሴኮንድ በአሥር ተከፍሎ አንዷ እንኳ ሳትሞላ ጢም ይላል። ዓይንሽን ከጨፈንሽ አመለጠሽ። ከዚያ ፒስተኑ ብረቱ እስኪረጋ ድረስ ጨቁኖ ይይዘዋል። ሞልዱ ይከፈታል፣ ፒኖች ገፍተው ያወጡታል። የሚወጣው ዕቃ ሲያዩት ያምራል። ላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ቶሎ ስለሚረጋ ድፍን ነው፣ ውሃም አየርም አያሳልፍም። ጉድ ካለ ከቆዳው ሥር ነው። ደንበኛው ትራፓኖውን ሲያስገባ ያንን ቆዳ ቀደደና ጉዳችን ወጣ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አንዱን ጉብታ በመጋዝ ለሁለት ከፈልነው። መሃሉ የተቦዳደሰ ነው። ሁላችንም «አየር ነው፤ አየር ገብቶበታል» አልን። ማቅለጫ ምድጃው ላይ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ወጣትነታቸውን መርካቶ በአሸዋ ቅርጽ የአሉሚኒየም ድስት ሲያፈሱ ነው ያሳለፉት። ቁራጩን ተቀበሉኝ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

«ልጄ፣ እንጀራ ትጋግሪያለሽ?»

«እበላለሁ» አልኳቸው።

«የእንጀራ ዓይን ምን ዓይነት ነው?»

«ክብ።»

«ክብ ነው፤ ለስላሳም ነው። አየር የሚሠራው እንደዚያ ነው። ይሄን እይው እስቲ። ክብ ነው? አይጥ የቦጨቀችው ዳቦ እኮ ነው የሚመስለው።»

አየሁት። ጠርዙ ሸካራ ነው፤ የተቀደደ፣ የተጎተተ ይመስላል። እውነታቸውን ነው።

«ይሄ አየር አይደለም፤ ጥም ነው» አሉኝ። «እኛ በአሸዋ ስንሠራ ወፍራሙ ቦታ ላይ ጡጦ እንተክልለታለን። ከላይ ተርፎ የሚቆም ብረት ማለቴ ነው። ወፍራሙ ሲረጋ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይጠማዋል፤ ከጡጦው ይጠጣል። እዚህ የታል ጡጦው?»

ጡጦ የለም። ጡጦው ፒስተኑ ነበር። ፒስተኑ ደግሞ ጉብታውን የሚያገኘው ቀላጩ በሚገባበት 2 ሚሊሜትር በማትሞላ ጠባብ በርና 3 ሚሊሜትር በሆነው የክዳኑ ግድግዳ በኩል ነው። ሁለቱም ቀድመው ይረጋሉ። በሩ ተዘጋ ማለት ነው። የእኔ 16 ሚሊሜትር ድፍን ጉብታ ግን ውስጡ ገና ፈሳሽ ነው። አሉሚኒየም ከፈሳሽ ወደ ጠጣር ሲለወጥ ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ይሸሻል። ያንን የሚተካለት ሲያጣ መሃሉን ይቦጭቃል። ልጁ ግፊቱን ሰማይ ቢያደርሰው በተዘጋ በር አያልፍም።

እኔ ስለ መኮማተር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሞልዱን ስስል መጠኑን ሁሉ በ0.6 በመቶ አሳድጌዋለሁ። ማንኛውም የሞልድ ዲዛይነር የሚያደርገው ነው። ግን ያ ከረጋ በኋላ ሲቀዘቅዝ ለሚያጥረው ነው። እየረጋ ሳለ ለሚሸሸው ምንም አላሰብኩም።

ከዚህም የባሰ አለ። ደንበኛው የሰጠን ናሙና ላይ ጉብታው 12 ሚሊሜትር ነበር። 16 ያደረግሁት እኔ ነኝ። «ቡሎን የሚያርፍበት ነው፣ ጠንከር ይበል» ብዬ። ቀዳዳውንም ሞልዱ ውስጥ ፒን ተክዬ ማውጣት ስችል «ራሱ ይበሳው የለ?» ብዬ ድፍን ተውኩት። ፒን ወጪ ነው፣ ይጣመማል፣ ጣጣ ነው አልኩ። ለጥንካሬ የጨመርኩት ብረት ነው የጉብታውን መሃል የቦዳደሰው።

እውነቱን ለመናገር ሐሙስ ማታ ለአለቃዬ አልነገርኩም። ቤቴ ገባሁ፣ ስዕሉን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ጋሼም ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ የኔን አፍ ነው የጠበቁት። ዓርብ ጠዋት ቁራጩን ይዤ ቢሮ ገባሁና «ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የስዕሉ ነው» አልኩ። አለቃዬ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ስንት ይፈጃል?» አለ። መቆጣቱን ለቀጣዩ ሳምንት አቆየልኝ።

ሞልድ ሲበላሽ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ከሞልዱ ብረት መቀነስ ቀላል ነው፤ መጨመር ግን አበሳ ነው። ክዳኑ ይክበድ ቢባል ሞልዱን መፋቅ ነበር። ክዳኑ ይቅለል ከተባለ ሞልዱ ላይ ብረት መታከል አለበት። ሞልዱ ደግሞ ሙቀት እንዲችል ተብሎ የጠነከረ ኤች 13 ብረት ስለሆነ ተራ መሰርሰሪያ አይደፍረውም። ሌላ ወርክሾፕ ወስደን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አስበሳነውና በየጉብታው መሃል ፒን ተከልን። አሁን ጉብታው ድፍን መሆኑ ቀርቶ ባለ 4.5 ሚሊሜትር ግድግዳ ሆነ። ክዳኑም ሰባት ግራም ያህል ቀለለ።

እዚህም ቢሆን አንድ ጊዜ ሳልሳሳት አላለፍኩም። ለፒኖቹ የሰጠኋቸው ማዘንበያ፣ ዕቃው እንዲለቅ ወደ ጫፋቸው የሚቀጥኑበት ማለቴ ነው፣ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነበር። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ፒኑን እንደ ጠባብ ቀለበት ጨምቆ ይይዘዋል። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ክዳን አልለቅም ብሎ ፒኑን አጣመመው። ወደ አንድ ዲግሪ ተኩል ከፍ አድርገን፣ ዕቃው በሚወጣበት አቅጣጫ አስለሰልሰን መለስነው። ከዚያ ወዲያ አላስቸገረም።

አዲሱን ምርት እኛው ባልዲ ውስጥ ፈተንነው። ልጁ ራሱ ነው የሚነክረው። በእነዚያ ቀናት ላደረስኩበት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «ችግር የለም» ብሎኛል፣ ግን ፊቱን አላበራልኝም ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ክዳን ነከረ፤ ውሃው ዝም። አርባኛው ላይ አረፋ ወጣ።

ልቤ ስንጥቅ አለ። ልጁ ክዳኑን አውጥቶ ወደ መጋዙ ሄደ። ቆረጠው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

«ይሄኛው የእኔ ነው» አለ። «ሞልዱን ውሃ አብዝቼ ረጭቼዋለሁ መሰለኝ፤ እንፋሎቱ ነው የገባበት። እይው፣ ክብ ነው።»