እህትማማቾች ናቸው እንዴ?

ጥምቀት እንዳለፈ፣ ጎንደር ፒያሳ በምሠራበት ቪዲዮ ቤት አለቃችን አንድ ሐሳብ አመጣ። ወጣቶችን በካሜራ ፊት የሚያስተዋውቅ የፍቅር ፕሮግራም ለዩቲዩብ እንሥራ አለ። ስምንት ሴት፣ ስምንት ወንድ። ሴቶቹን እንድመርጥ እኔ ታዘዝኩ።

ያን ሰሞን ቡና በተፈላ ቁጥር ዲስኩር ነበረብኝ። «ዘ ባችለር» የሚባለውን፣ አንድ ወንድ ከብዙ ሴቶች መካከል አንዷን የሚመርጥበትን የአሜሪካ ፕሮግራም እያነሳሁ ፈረንጆቹን እሰድባለሁ። በ2002 ተጀምሮ የመጀመሪያው ጥቁር ባችለር ማት ጄምስ የታየው በ2021 ነው! ሴት ከወንዶች በምትመርጥበት እህት ፕሮግራምም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሬቸል ሊንዚ የመጣችው በ2017። (አቆጣጠሩ የእነሱ ነው።) በ2012 ሁለት ጥቁር ወንዶች አድልዎ አለ ብለው ክስ መሥርተው ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ተሳታፊ መምረጥ የንግግር ነፃነት አካል ነው ብሎ ክሱን ዘጋው። ዘዴው እኮ ቀላል ነው እላለሁ። ዋናው መራጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው በሌላኛው ፕሮግራም ተወዳድረው ወደ መጨረሻው ከገፉት ነው። ጥቁሮቹ ገና በጠዋቱ ከተሰናበቱ ለቀጣዩ ማን ይተርፋል? ሁሉም ይስማማል። እኔም ቡናዬን እጠጣለሁ።

በዚያው ሳምንት በቴሌግራም ከተላኩልኝ 40 ፎቶዎች ስምንቱን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። የሒሳብ ሠራተኛችን እትዬ ደረሰኝ ሊጠይቁኝ ገቡና ቆመው አዩ።

«እህትማማቾች ናቸው እንዴ?»

ሳቅኩ። ከዚያ ዞር ብዬ አየሁ። ስምንቱም ቀይ። አንዲት ጠይም እንኳ የለችም። አሜሪካ ብንሄድ ሁላችንም ጥቁር ነን፤ እዚህ ግን ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን እንደ በርበሬ እንለያያለን።

«እትዬ፣ ካሜራ ላይ ስለሚያምሩ ነው» አልኩ።

መብራት የሚሠራው ልጅ ከጥግ ሰማኝ። «ፋሲል ግቢ ሙሽራ ስንቀርጽ ካሜራው ለነጩ ቬሎ ሲለካ ፊቷ ይጨልማል። ያኔ መብራት ነው የምትጨምረው ወይስ ሙሽራዋን ትቀይራለህ?»

መልስ አልነበረኝም። የጣልኳቸውን መልሼ አገላበጥኩ። ማራኪ ግቢ የምትማር አንዲት ጥቁር ልጅ ነበረች፤ ከፎቶው ጋር የላከችውን የድምፅ መልእክት አሁን ስከፍተው ያስቃል። ከስሟ አጠገብ በራሴ እጅ «መብራት ያስቸግራል» ብያለሁ። መብራት ሠሪውን አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ።

ደወልኩላት።

«ትናንት ሞልቷል አላላችሁኝም?»

«አንድ ቦታ ተገኘ።»

«መልእክቴን ያን ጊዜ ሰምታችሁት ነበር?»

ዝም አልኩ። ፎቶውን ካየሁ በኋላ ድምፁን አልከፈትኩትም ነበር።

«እንግዲያው ፎቶዬን አጥፉልኝ» ብላ ዘጋችው። አጠፋሁት።

ሁለት ቀን ፈጅቼ ሁሉንም ድምፅ ከመጀመሪያው አዳመጥኩ። ሦስቱን ከግድግዳው አንስቼ ሌሎች ሦስት ለጠፍኩ። አለቃዬ ፊቱን አጨፈገገ፤ ስፖንሰሩ ምን ይላል ብሎ። ብቻ አልከለከለኝም።

እትዬ በማግሥቱ ለሌላ ደረሰኝ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«አሁን የአክስት ልጆች ሆኑ» አሉ።