ባቡር በማያውቃት ከተማ የባቡር ግንብ ፍለጋ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤዛዊት ኮረብታ ለመውጣት ባጃጅ ያዝኩ። ሰው እዚያ የሚወጣው ከተማውንና ዓባይን ከላይ ለማየት ነው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። እኔ ግን ገና አናቱ ላይ ሳንደርስ "እዚህ ጋ አውርደኝ" አልኩት። ሹፌሩ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ቃኘ። መንገዱ ኮረብታውን ቆርጦ በሚታጠፍበት ቦታ አንድ የድንጋይ ግንብ አለ። አፈሩ መንገዱ ላይ እንዳይናድ ደግፎ የያዘ፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ግድግዳ ነው" አለኝ።

"አዎ፣ እሱን ነው የምፈልገው።"

ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ የባቡር መስመር እየሠራሁ ነው። ልኬቱ 1 ለ 87 ነው፤ ሞዴል ሠሪዎች ኤችኦ የሚሉት። የሐዲዱ ስፋት 12 ሚሊሜትር ነው። ይህን በ87 ስታባዙት ወደ 1 ሜትር ይመጣል። 1 ሜትር ደግሞ የድሮው የጅቡቲ አዲስ አበባ መስመር ስፋት ነው። እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። የምድር ባቡር ጩኸት የቤታችን ሰዓት ነበር። ያ መስመር ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ወደ ጣና ግን አልመጣም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አመጣሁት። ሐይቅ ዳር አንድ ትንሽ ጣቢያ፣ ከበስተኋላው ኮረብታ፣ ኮረብታውን ቆርጦ የሚገባ ሐዲድ።

ኮረብታ ከተቆረጠ ግንብ ያስፈልጋል። ችግሬ እዚህ ላይ ነበር። ለሞዴል ተብለው የሚሸጡት የፕላስቲክ ግድግዳዎች የአውሮፓ ናቸው። የእንግሊዞቹ ቀይ ጡብ ነው፣ ጭስ የጠጣ። የሜትር ሐዲድ ዕቃ ስትፈልጉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት የስዊዘርላንዱን የሬቲያን ባቡር አምሳያ ነው። እሱም ልክ እንደኛው የድሮ መስመር በ1 ሜትር ሐዲድ የሚሄድ ነው። ድንጋዩ ግን ተጠርቦ፣ ተስተካክሎ፣ ረድፍ ጠብቆ የተቀመጠ ነው። ጣና ዳር ሳስቀምጠው እንግዳ ሆነብኝ። ራሴ ከካርቶን ቆርጬ የሠራሁት ደግሞ ከነቀለሙ ካርቶን ሆኖ ቀረ። ምን እንደጎደለው አላወቅኩም። ስለዚህ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ባሕር ዳር ሄድኩ። የጣቢያዬን አፈር የሚይዘው ድንጋይ ከዚያው አካባቢ እንዲሆን ፈለግኩ።

ቤዛዊት ላይ መጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ነው። ግንቡ ላይ በየአንድ ሜትር ተኩሉ የፕላስቲክ ቱቦ ጫፍ ብቅ ብሏል። ከአንዳንዱ አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። ከእያንዳንዱ ቱቦ ሥር ወደ ታች የወረደ መስመር አለ። አናቱ ላይ ጥቁር ነው፣ ወረድ ሲል የዝገት መልክ ይይዛል፣ መሬቱ ጋ ሲደርስ አረንጓዴ ነው። ሽበት የወጣለት ሰው ዕድሜውን እንደሚያሳይ፣ ይህም ግንብ ክረምቱን ሁሉ ፊቱ ላይ ጽፎታል። የኔው ካርቶን ግን ንጹሕ ነበር። አንድ ቀዳዳ እንኳ አልነበረውም።

አንድ የግማሽ ሜትር ዱላ ይዣለሁ። በየአሥር ሳንቲሙ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ነው። ግንቡ ላይ አስደግፌ ፊት ለፊት ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ። በኋላ ፎቶው ላይ የእያንዳንዱን ድንጋይ መጠን መቁጠር ይቻላል። ከጎን የተነሳ ፎቶ ያምራል፣ ለሥራ ግን አይሆንም። ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 ወጣ። በኔ ልኬት 24 ሚሊሜትር መሆኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። አዲሱን የዓባይ ድልድይ በመንገዴ አየሁት። 380 ሜትር ርዝመት ያለው ግሩም ሥራ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ነው የተመረቀው። የኔ ጉዳይ ግን ድንጋይ ስለሆነ አለፍኩት።

ውሃው ዳር ሦስት ሰዎች የተናደ የግንብ ቁራጭ ይጠግናሉ።

"ያበርታችሁ" አልኩ።

"አሜን፣ አብሮ ያበርታን" አሉ በዕድሜ ጠና ያሉት ግንበኛ፤ ቀና ሳይሉ።

ትንሽ ቆሜ አየሁ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ፎቶዎቹን በስልኬ አሳየኋቸው፤ ሐዲዱን፣ ሊቶሪና የምትባለዋን ትንሿን ባለሞተር ባቡር፣ ያልተሳካውን ግድግዳዬን። ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። እንደ እውነተኛ ሥራ ነበር ያዩት።

"ይሄማ ቀጥ ብሏል" አሉ።

"ቀጥ ማለቱ ጥሩ አይደለም?"

"የቤት ግድግዳ ከሆነ ቀጥ ይበል። አፈር የሚይዝ ግንብ ግን ወደ አፈሩ ዘንበል ማለት አለበት። ይኸውልህ።"

ቱንቢያቸውን አነሱ። ከግንቡ አናት በጣውላ ራቅ አድርገው ለቀቁት። ላይ በሲባጎውና በድንጋዩ መካከል ጭብጥ ያህል ክፍተት ነበር። ታች ሲደርስ ሲባጎው ድንጋዩን ሊነካ ምንም አልቀረው። "በየሜትሩ አሥር ሳንቲም" አሉኝ። ውስጡም እንዲሁ ነው፤ ሥሩ ሰፊ፣ አናቱ ጠባብ። ከቁመቱ ግማሽ ያህል ስፋት መሠረቱ ላይ ካልሰጡት ክብደቱ አፈሩን አይችልም።

"አፈሩ ነው የሚገፋው ብለህ ታስባለህ" ሲሉ ቀጠሉ። "አፈር ብቻውን ይህን ያህል አያስቸግርም። ውሃ ሲጠጣ ነው የሚከብደው። ከኋላው ጠጠር ሞልተህ፣ ከፊቱ ቀዳዳ አበጅተህ ታስወጣዋለህ። መውጫ ካልሰጠኸው ራሱ ያበጃል።" የተናደውን ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ። ቀዳዳዎቹ በደለል ተደፍነው ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ። ድንጋይ ከማስቀመጣቸው በፊት በእጃቸው ያገላብጡታል። አንዱን ሦስት ጊዜ አገላብጠው ጣሉት። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዳይውል ነው። "ከዋለ እንደ ጨርቅ ይተረተራል" አሉ። ትልልቁ ከታች፣ ማዕዘን ያለው ዳር ላይ፣ ረጅሙ ደግሞ ፊቱን ብቻ አሳይቶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግንቡን ከሆዱ ጋር የሚያስረው እሱ ነው። ድንጋዩ የአገሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጣናን ከደቡብ በኩል ያገደው እሳተ ገሞራ የተወው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት እንደ ወንፊት ትንንሽ ቀዳዳ አለው፤ ድሮ በቀለጠው ድንጋይ ውስጥ የነበረ ጋዝ የተወው ነው።

ልሰናበታቸው ስል "እና ባቡሩ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው?" ብለው ወደ ውሃው ዳር ጠቆሙ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያውስ ውሃው የደረሰበትን ምልክት እንዳትረሳ።" እውነት ነው። ጣና ከክረምት ማግስት ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ይጎድላል። የሐይቅ ዳር ግንብ ይህን መውጣትና መውረድ እንደ ቀለበት ይዞታል። ከታች የሚያዳልጥ አረንጓዴ፣ ከላዩ ደርቆ ያመደመደ፣ ከዚያ በላይ ንጹሕ ጥቁር።

በማግስቱ ጢስ ዓባይ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፏፏቴው በጥቅምት ሙሉ ነው፤ ብዙ ሰው ጽፎለታልና እኔ ልለፈው። የኔ ቀልብ ያረፈው ወደ ፏፏቴው ሲሄዱ የሚሻገሩት የአላታ ድልድይ ላይ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ሰዉ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። ሁሉም ቅስቱን ያያል። እኔ ከቅስቱ ግራና ቀኝ ያለውን ግንብ፣ መንገዱን ተሸክሞ ወደ ገደሉ ዳር የሚያደርሰውን ክፍል ሳጠና ረፈደ።

እዚህ ድንጋይን ያያያዘው ኖራ ነው። ልዩነቱን በዓይን ታዩታላችሁ። ትናንት ያየሁት የስሚንቶ ግንብ ላይ ስሚንቶው ከድንጋዩ ፊት ገንፍሎ ወጥቷል፤ ድንጋዩ የተከበበ ይመስላል። አላታ ላይ ግን ኖራው በዘመን ብዛት ወደ ውስጥ ሸሽቷል፤ ድንጋዮቹ ወደ ፊት ወጥተው እያንዳንዳቸው ጥላ ጥለዋል። ጣቴን መጋጠሚያው ውስጥ ሳስገባ እስከ አንደኛው አንጓ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰን ባቡር ዘመን ለሚያሳይ ሞዴል ትክክለኛው ይህ ነው፤ ጠለቅ ያለ መጋጠሚያ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የስሚንቶ ጥገና እጨምርበታለሁ፤ ግንብ በአንድ ዘመን ብቻ አይኖርምና።

መንደሩ ውስጥ አንዲት እናት ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። "ለባቡር የሚሆን ግንብ" አልኳቸው። "ባቡር ቤቱማ እዚያ ማዶ ነው፤ ዛሬ ግን አይፈጭም" አሉኝ በሐዘኔታ። ባቡር እዚህ አገር ወፍጮ ነው። ቃሉ ከሐዲዱ ቀድሞ ደርሷል። ቆም ብዬ አሰብኩበት፤ ደስ አለኝ። ጣቢያዬ አጠገብ አንድ የወፍጮ ቤት እንደሚኖር ያን ጊዜ ወሰንኩ።

ሦስተኛው ቀን ዘጌ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር ካብ አለ። ካብ ስል ስሚንቶም ኖራም የሌለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ የቆመ ማለቴ ነው። ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ ነው። ቱቦ አያስፈልገውም፤ ውሃው በየክፍተቱ ራሱን ያጣራል። የቡና ሥር ገብቶበት አንዳንድ ቦታ አብጧል። የድንጋይ ሽበት አለው፣ ሐረግ አለው፣ ደረቅ ቅጠል ክፍተቱን ሞልቶታል። ከጉዞዬ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። በዱላዬ ለካሁት፤ ብዙው ድንጋይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ነው። በኔ ልኬት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የእንቁላል ካርቶን በጣት ተቀዶ በኮላ የሚለጠፍበት መጠን ነው። የተቆረጠ ጠርዝ እዚህ አይሠራም፣ የተቀደደ እንጂ።

መመለሻዬ ላይ ቡና የሚያፈሉ እማማ ጋ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛውን ጠጥቼ ስጨርስ አተላውን እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ።

"አተላውን ምን ያደርግልሃል ልጄ?"

"አፈር ላደርገው ነው እማማ። ከግንብ ሥር የሚሆን።"

ጀበናውን ገልብጠው፣ ከጠዋት የተጠራቀመውንም ጨምረው በፌስታል ቋጠሩልኝ። "የዘጌ ስለሆነ የዘጌ አፈር ይሁን" አሉ። ጀልባው ላይ ስንመለስ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ አጠገባችን አለፈ። እሷም ጠረጴዛዬ ላይ ትገባለች፤ 5 ሳንቲም የምትሆን።

ቤቴ ከገባሁ ሳምንት ሆኖኛል። አተላውን ፀሐይ ላይ አድርቄዋለሁ። የቤዛዊትን ግንብ ከጀሶ አፍስሼ፣ 24 ሚሊሜትር ቁመት፣ ከአናቱ 2 ሚሊሜትር ከምናምን ወደ ኋላ አዘንብዬ አቆምኩት። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በመርፌ ቀረጽኳቸው፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ የዋለበትን ሁለት ቦታ ሞልቼ እንደገና ሠራሁት። ትናንት ማታ በየ17 ሚሊሜትሩ በጥልፍ መርፌ ቀዳዳ በሳሁ። ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ ሥር አንድ ጠብታ የቀጠነ ቡናማ ቀለም አስነካሁ። ጠብታው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ራሱ መንገዱን ፈልጎ በሁለት ድንጋይ መሃል ገባና፣ ጠመም ብሎ፣ እስከ ሐዲዱ ጠጠር ድረስ ወረደ።