አርባ አንድ ያልሞላው እግዚኦታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይሄን ምስክርነት መናገር የነበረበት አያቴ ነው፣ ስለቱም የሱ ነው፣ ግን በ1984 አርፏል። እኔ ደግሞ ህዳር ላይ ከደረሰልኝ በኋላ ዝም ብል ድንጋዩ ይናገርብኛል።

አባባ ነው የምንለው። በ1928 ከራስ እምሩ ጦር ጋር ከጎጃም ሽሬ ድረስ ዘመተ፣ ታናሽ ወንድሙ ተከዜ ላይ ጣሊያን ከአይሮፕላን ባዘነበው መርዝ ቆዳው ተልጦ በእጁ ላይ ሞተበት፣ ጦሩ ሲበተን እሱም በመተማ አርጎ ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ የሰው ማሳ እያረመ አራት ዓመት። ጎጃም፣ አማኑኤል ከተማ ያሉት ቤተሰቦቹ ደግሞ ሞቷል ብለው ተዝካሩን አወጡለት። ሚስቱ እማማ በኋላ ስትቀልድበት "ተዝካርህን በልቼ ነው የጠበኩህ" ትለው ነበር።

ሰኔ 1932 ጣሊያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ጃንሆይ ካርቱም መጡ፣ ስደተኛው ተመልምሎ ካርቱም አጠገብ ሶባ ሰለጠነ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ጃንሆይ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ቃና ዘገሊላ ነው፣ ሚካኤልም ነው፣ አባባ ይሄን ሳይጠቅስ አያልፍም። የሱ ጦር ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ "ጌዲዮን" ብሎ የሰየመው ነበር። መሳፍንት 7ን የሚያነብ ስሙ ለምን እንደሆነ ይገባዋል፣ ጥቂት ሆኖ ብዙውን ማስደንገጥ ነው። ወደ ደጋው ሲወጡ የሱዳን ግመሎች ዳገቱንና ብርዱን አልቻሉትም፣ እንደ ቅጠል ረገፉ። "መንገድ የጠፋው ሰው ሽታውን ተከትሎ ይደርስብን ነበር" ይላል አባባ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልግባ። ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጠርኩም፣ ግን እሱ ባወራት ቁጥር ሁለቱ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር።

የካቲት 27 ቀን ነው፣ ሐሙስ፣ ጾሙ ከገባ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ። ጣሊያን ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ እያፈገፈገ ነው፣ የአባባ ሻለቃ ደግሞ ቀድሞት ደምበጫ አጠገብ ወንዝ ዳር ሰፍሯል። እነሱ ጥቂት መቶ፣ የመጣባቸው ሺህ በሺህ፣ በዚያ ላይ ብረት ለበስ መኪናና አይሮፕላን። ጠዋት ተጀመረ። አባባ ስለ ውጊያው ብዙም አያወራም፣ "ጮኸ፣ ጨሰ፣ ወደቅሁ" ነው የሚለው። ጭኑን ተመቶ ፈፋ ውስጥ ተንከባለለ። ጦሩ በላዩ ላይ አልፎ ሄደ፣ የበቅሎ ኮቴ፣ የመኪና ድምፅ፣ ጩኸት፣ ከዛ ምንም።

ጥይቱን አይደለም የሚያወራልን፣ ጉንዳኑን ነው። ደሙን ሸቶ መጣ። አንድ በአንድ እየለቀመ ሲጥል፣ ሲጥል፣ ጀንበር ጠለቀች። ግማሽ ጨረቃ ነበረች፣ በሷ ብርሃን ከፈፋው አፍ ላይ ሁለት ሬሳ ይታየዋል፣ አንዱ አብሮት ከገዳሪፍ የመጣ ጓደኛው ነው። ሬሳውን ስሙን እየጠራ ሲያወራው አመሸ። እኩለ ሌሊት ላይ ጨረቃዋም ገባች። ያኔ ጅቡ መጣ።

እስኪ አስቡት፣ ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ነው! አምስት ዓመት በበረሃ ተንከራቶ ሊሞት የመጣው ሚስቱ ደጃፍ ላይ ነው። እና እግዚአብሔርን ሰደበው። ይሄን ቄስ ባለበትም አይደብቅም ነበር። "ወንድሜን በመርዝ ቀቀልክብኝ፣ እኔን ደግሞ ለጅብ አመጣኸኝ፣ እንዲህ ከሆነ አምላክነትህ ምኑ ላይ ነው" አልኩት ይላል። ከዛ ደነገጠ፣ በቀኑ በመድኃኔዓለም ዕለት እንዲህ ማለቱ ከጅቡ የበለጠ አስፈራው። ዳዊት በቃሉ ይደግም የነበረ ሰው "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" ብሎ ጀምሮ "ከሌሊት ግርማ" ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ስለዚህ የማይጠፋውን ያዘ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ በጣቱ አንጓ እየቆጠረ፣ አርባ አንድ ሊያደርስ። ስለቱንም ያኔ ተሳለ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ እስክሞት የካቲት 27ን ደጅህ መጥቼ እመሰክራለሁ ብሎ።

ሁለቴ ጀምሮ ሁለቴ ራሱን ሳተ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ጠፋበት። ዝም አለ።

ከጨለማው ውስጥ ድምፅ "ሠላሳ አራት ላይ ነህ" አለው።

(ይሄን ስጽፍ እንኳ ሰውነቴን ይወረኛል።)

መልአክ መሰለው። አይደለም፣ ሰው ነው፣ የትንባሆ ሽታ አለው፣ በአነጋገሩ ከመረብ ወዲያ ያለ ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ የጣሊያን አስካሪ፣ ለጣሊያን የተቀጠረ ያገር ሰው ወታደር። ከጦሩ ወደኋላ የቀረ ይሁን የጠፋ አባባ አያውቅም። ፈፋው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሰማው፣ ሲቆጥርለት ነበር። "ጨርስ" አለው። ሰባቱን አብረው ጨረሱት። ከዛ ወረደ፣ ጭኑን በገዛ መጠምጠሚያው ጥፍር አርጎ አሰረለት፣ ኮዳውን አፉ ላይ ደገነለት። ጅቡን በድንጋይ እያባረረ እስከ ወፍ ጩኸት አብሮት ተቀመጠ። አባባ "ክርስትና ስምህን ንገረኝ፣ በጸሎት ላስብህ" ሲለው "ነገ ብንገናኝ ልገድልህ እችላለሁ፣ ስሜ ምን ይሠራልሃል" አለና ኮዳውን ትቶለት ዳገቱን ወጣ። አለቀ። ከዛ በኋላ አላየውም።

ጠዋት ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት አገኘችው። እሷንም አምላክ ነፍሷን ይማር፣ ቤቷ ደብቃ ነው ያዳነችው። ወተት ስትሰጠው "ጾም ነው" ብሎ እምቢ አለ፣ "ደምህን አፍስሰህ ጨርሰህ ምንህ ነው የሚጾመው!" ብላ ጮኸችበት፣ ጠጣ። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ እሱ በዱላ እየተደገፈ ገና አማኑኤል መድረሱ ነው። እማማ አይታው ሮጠች፣ ወደሱ አይደለም፣ ወደ ጓዳ፣ የሙት መንፈስ መስሏት።

ከዚያ ወዲህ 50 ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሲጸልይ የሞቱትን ሁሉ በስማቸው ይጠራና መጨረሻ ላይ "ያን ቆጣሪም አስበው" ይላል። ልጅ ሆኜ ቆጣሪ የሰው ስም ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ የኔ። ልጄ በዚያው በመተማ መንገድ ሱዳን ገብቶ ካርቱም ይሠራ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 እዛ ጦርነት ሲነሳ አንዴ ደወለ፣ "እማ ተኩስ ነው" አለና ተቋረጠ። ከዛ ሰባት ወር ድምፁ የለም።

እውነቱን ልናገር፣ ጸሎት አልጸለይኩም። መጀመሪያ ጸለይኩ፣ ሰኔ ላይ አቆምኩ። የመድኃኔዓለምን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ፣ አዎ አድርጌዋለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ። "ለአያቴ ቆጣሪ ልከህለታል፣ ለልጄ ማንን ላክህ?" ብዬ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጮኬያለሁ። የማኅበራችን እናቶች እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እኔ ስተው እነሱ ይዘውልኝ ነበር፣ ተራ ገብተው እየመጡ አጠገቤ እግዚኦታ ያደርሱ ነበር። እኔ እንኳ ቡና እያፈላሁላቸው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ፣ ስሟን ካልጻፍሽ ብላኛለች አልጽፍም ትሰማኛለች፣ ሞባይሌን ካርድ እየሞላች "ክፍት ይሁን፣ አትዝጊው" ትለኝ ነበር።

በ27 ደወለ ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ለታሪክ ያምራል። ግን ህዳር 3 ነው፣ በበዓታ፣ ሰኞ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ። የማላውቀው ቁጥር። "እማዬ ገዳሪፍ ነኝ።"

ገዳሪፍ!! አባባ ማሳ ያረመበት!

አንድ ሱዳናዊ የመኪና ሹፌር ነው ያወጣው፣ ኬላ በመጡ ቁጥር "የኔ ረዳት ነው" እያለ፣ ወባ ሲይዘው ቤቱ እያስተኛው፣ ምንም ሳንቲም ሳይቀበል። ልጄን የመጀመሪያ ጥያቄዬ "በላህ ወይ" አልነበረም፣ "የሰውዬውን ስም ጠይቀሃል?" ነው ያልኩት። ጠይቋል። ተመስገን፣ ጠይቋል። ስሙን በአባባ ዳዊት የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ሙታንና ሕያዋን ከተጻፉበት፣ ከ"ቆጣሪው" ስር ጻፍኩት። እስላም ነው፣ ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ "ጻፊው" አሉኝ።

ሥዕሉን መልሼ አዙሬዋለሁ፣ ጀርባው ላይ የሸረሪት ድር ይዞ ነበር፣ ስጠርገው አለቀስኩ።

ልጄ ገና እግሩ አልጠናም፣ ግን እሄዳለሁ ብሏል፣ ስለዚህ የካቲት 27 ሁለታችን ነን። ጧፍ 41 ገዝቻለሁ። ኮዳው ክዳኑ የጠፋው ገና በአባባ ጊዜ ስለሆነ አፉን በጨርቅ ወትፌዋለሁ፣ ጸበል ይዤበት እመለሳለሁ።